ለእህትሽ እንቁላል ከመስጠትሽ በፊት የራስሽን አስመርምሪ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምሠራው። እጮኛ አለኝ፣ ገና አልወለድኩም፣ የሦስት ወር መርፌ እወስዳለሁ። ታላቅ እህቴ ደሴ ነው የምትኖረው፤ 37 ሆናታል፣ ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም። ከ34 ዓመቷ ጀምሮ የወር አበባዋ ይዘበራረቅ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ከቀረ ዓመት አልፎታል። አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ አንስተዋት እንቁላልሽ አልቋል፣ ከሌላ ሴት ካልተወሰደ አይሆንም አሏት። ባሏ ህንድ ሊወስዳት ነው፤ እንቁላሉን እኔ እንድሰጥ ነው የተፈለገው። እማዬ ከእህት በላይ ምን አለ እያለች ታለቅሳለች። እኔ ፈራሁ። የኔም አልቆ እንደሷ እሆን ይሆን? ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ? ልጁ የማን ይሆናል? ለእጮኛዬስ ልንገረው?»

መልስ፦

የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ያልጠየቅሽው አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። የእህትሽ እንቁላል ገና በ34 ዓመቷ ለምን ማለቅ ጀመረ? የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። የሷን እንቁላል የጨረሰው ነገር አንቺም ዘንድ ካለ፣ የምትሰጪው እንቁላል ለራስሽም የሚያስፈልግሽ ነው፤ ከዚያም አልፎ ለሚወለደው ልጅ ችግር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ይህን ሳታጣሩ ስለ ህንድ ትኬት ማውራት ጊዜው አይደለም።

የወር አበባ በአብዛኛው ሴት ላይ የሚቆመው 50 ዓመት አካባቢ ነው። ከ40 በፊት ሲቆም ግን እንደ እርጅና አናየውም። ኦቫሪ የምንለው የእንቁላል ማምረቻ ያለጊዜው ደክሟል እንላለን፣ ምክንያቱንም እንፈልጋለን። ብርቅ አይደለም፤ ቢያንስ ከ100 ሴቶች አንዷን ያጋጥማል። አንዳንዴ መንስኤው ግልጽ ነው፤ ኦቫሪዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፣ ወይ የካንሰር መድኃኒት ወይም ጨረር ወስዳ ነበር። አንዳንዴ የሰውነት መከላከያ ራሱን ኦቫሪውን ያጠቃዋል፤ እንዲህ ያለችው ሴት ብዙ ጊዜ የታይሮይድ ችግርም አለባት። አንዳንዴ የክሮሞዞም ጉድለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምርመራው ሁሉ ተሠርቶ ምክንያቱ አይገኝም። ነገር ግን ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ቤተሰብ ውስጥ ሌላም ሴት አላቸው፤ እናት፣ አክስት ወይም እህት። ላንቺ ትልቁ ነገር ይኸ ነው።

ከቤተሰብ የሚወረሱት ውስጥ በስሙ የሚጠቀስ አንድ ጂን አለ፤ ኤፍ.ኤም.አር.1 ይባላል። በዚህ ጂን ላይ መለስተኛ ለውጥ ይዘው የሚኖሩ ሴቶች ጤነኛ ናቸው፣ መያዛቸውንም አያውቁም። ከመካከላቸው ከአምስት አንዷ ያህል ግን እንቁላሏ ከ40 በፊት ይዳከማል። ይህችው ሴት ጂኑን ለልጇ ስታስተላልፍ ለውጡ ሊሰፋ ይችላል፤ ሲሰፋ ልጁ ላይ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያመጣል። እህትሽ ይህን ይዛ ቢሆን አንቺም የመያዝ ዕድልሽ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ልጅ የናፈቀች እህትሽን ልትረጂ ብለሽ የሰጠሻት እንቁላል ሌላ ፈተና ይዞ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂያቸው። የሚያለቅሱትን ያልቅሱ፣ ግን ይንገሩሽ፤ የሳቸው የወር አበባ መቼ ነው የቆመው? ዕድሜያቸውን በቁጥር ላያስታውሱት ይችላሉ። ከሚሊኒየሙ በፊት ነው በኋላ፣ ታናሽሽ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር ወይ እያልሽ አስታውሺያቸው። የእናትሽና የአባትሽ እህቶችስ? ከዘመድ ውስጥ ትምህርት ጭራሽ አልገባ ያለው፣ አፉን ዘግይቶ የፈታ ወንድ ልጅ ነበረ? በስተርጅና እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ አያት ወይም አጎት ነበረ? ይህ ለሐሜት አይደለም። ሐኪሙ የትኛውን ምርመራ ማዘዝ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ነው። እዚህ ወሎ ሰው የቤቱን ጉድ ለሐኪም መንገር ይከብደዋል፤ ቡናው ላይ በሦስቱም ስኒ ለጎረቤት የተወራው ነገር ካርድ ክፍል ሲደርስ ይጠፋል።

ቀጥሎ የራስሽ ምርመራ። ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኤ.ኤም.ኤች የሚባል የደም ምርመራ ነው። ሁለተኛው በብልት በኩል በሚነሳ አልትራሳውንድ ኦቫሪዎችሽ ላይ የሚታዩትን ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች መቁጠር ነው። የደሙን ምርመራ እዚህ የማይሠራ ላብራቶሪ ናሙናውን አዲስ አበባ የሚልክ መሆኑን ጠይቂ። የጂኑ ምርመራ ከዚህም ይርቃል፣ ይወደዳልም፤ ግን የሚጀመረው ከእህትሽ ነው። እሷ ላይ ካልተገኘ አንቺ ለዚህ ምክንያት ገንዘብ የምታወጪበት ነገር የለም። እሷ ላይ ከተገኘ ግን ያንቺ ሳይታወቅ አንድም መርፌ አትወጊ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። የሦስት ወር መርፌው ኦቫሪን ስለሚያስተኛው የሁለቱንም ምርመራ ውጤት ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። መርፌ ላይ መሆንሽን ሳትናገሪ ተመርምረሽ የወረደ ቁጥር ይዘሽ ብትደነግጪ ጥፋቱ የመርፌው ነው። ደግሞ ኤ.ኤም.ኤች ትወልዳለች አትወልድም የሚል ምርመራ አይደለም። የሚናገረው ስለ ብዛት ነው፤ በመድኃኒት ብትነቃቂ ስንት እንቁላል ሊወጣ እንደሚችል ይጠቁማል። ዝቅ ያለ ኤ.ኤም.ኤች ይዘው በራሳቸው አርግዘው የሚወልዱ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው።

ያም ሆኖ በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ ያንቺም ቁጥር ከዕድሜሽ በታች ሆኖ ከተገኘ፣ መልሴ አጭር ነው፤ አትስጪ። ጉልበትሽን ራስሽ ላይ አውዪው። ከእጮኛሽ ጋር ልጅ የመውለጃውን ጊዜ አቅርቡት። ጥሩ ሆኖ ከተገኘም ዛሬ ጥሩ ነው ማለት ነው እንጂ በ34 ዓመትሽ ምን እንደሚሆን ማንም ማረጋገጫ አይሰጥሽም። ከእህትሽ ጋር አብሮ መቅረብ ያለበት ሚዛን ይኸ ነው፤ መርፌው ያማል አያምም የሚለው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ እህትሽ። «እንቁላልሽ አልቋል» የሚለው ፍርድ በአንድ አልትራሳውንድ አይሰጥም። የወር አበባዋ ከአንድ ዓመት በላይ መቅረቱ ከባድ ምልክት ነው፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን ኤፍ.ኤስ.ኤች የሚባለው ሆርሞን በደም ይለካ፤ ከ25 በላይ ሆኖ ከተገኘ ምርመራውን ያጠናክረዋል፣ ጥርጣሬ ካለ ከአራት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባሉት ሆርሞኖችም ይታዩ፣ የወር አበባን እነሱም ያስቀራሉ፤ እነሱ ከሆኑ በኪኒን የሚስተካከል ነገር ነው። ምርመራው ተረጋግጦም እንኳ ከ100 እንዲህ ካሉ ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በራሳቸው ያረግዛሉ። ይህን የምለው ተስፋ እንድትሸጡላት አይደለም፣ ዜሮ ነው ብሎ መማል ልክ ስላልሆነ ነው።

ባሏስ? ተመርምሯል? ጥያቄሽ ውስጥ ስለሱ አንድ መስመር የለም፣ እኔ ደግሞ ይህን ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ። ልጅ ላጡ ባልና ሚስቶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ርካሽ፣ የማያም ነገር ነው። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትገላበጥ እሱ አንድ ጊዜ ካልተመረመረ፣ ያንቺ እንቁላል ወጥቶም ሥራው ከንቱ ሊሆን ይችላል። ማህፀኗም ይታይ። እጢ አለ ወይ፣ ውስጡ ተጣብቋል ወይ? እኛ አገር የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ማህፀንና ቱቦ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን አበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የተበላሸ ግድግዳ ላይ የማንም ወጣት እንቁላል አይይዝም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ህንድ ከተደረሰ በኋላ መሆን የለበትም። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል አዲስ አበባ አለ፤ ሁለቱም አብረው ሄደው ይታዩ፣ ምርመራው በአገር ዋጋ ያልቅ።

ስለሷ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ ብዙ ሰው ስለ ልጅ ብቻ እያወራ ይረሳዋል። በ37 ዓመቷ የኤስትሮጅን ሆርሞን የጎደላት ሴት አጥንቷ ይሳሳል፣ ልቧም ይጎዳል። የሚከለክል ነገር ከሌለ እስከ 50 ዓመቷ አካባቢ ሆርሞኑን በመድኃኒት መውሰድ ይኖርባታል። ልጅ ተገኘም አልተገኘም ይህ ሕክምና የሷ መብት ነው።

እንግዲህ ወደ ፍርሃትሽ። የኔም ያልቃል ወይ? በመስጠት አያልቅም። ሴት ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ነው፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራል፤ በሕይወቷ ሙሉ የሚወጣው ግን ከ400 እስከ 500 የሚሆነው ብቻ ነው። ሌላው ይከስማል። በየወሩ ብዙ እንቁላል ማደግ ይጀምርና አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ ቀሪው ይሞታል። የሚሰጥሽ መርፌ የሚያደርገው ነገር በዚያ ወር ሊሞቱ የነበሩትን አብረው እንዲያድጉ ማድረግ ነው፤ ከመጪው ዓመት ድርሻሽ አይበደርም። ስለዚህ «አንድ ጊዜ የሰጠች ሴት ቶሎ ታርጣለች» የሚባለው ልክ አይደለም። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኢንፌክሽን ወይም ደም መፍሰስ ቢከሰትና በጊዜ ባይታከም፣ ወይም ያበጠው ኦቫሪ ቢጠመዘዝና ቢቆረጥ፣ ያኔ ለወደፊት መውለድሽ ይነካል። ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ያቺ ጥቂት ግን ገና ያልወለደች ስትሆን ነገሩ ይከብዳል።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። በመጀመሪያ የሦስት ወር መርፌው መቆም አለበት፤ ከሱ በኋላ ሰውነት ወደ ዑደቱ ለመመለስ ብዙ ወራት ሊፈጅበት ስለሚችል «በሚቀጥለው ወር እንሂድ» የሚል ዕቅድ ላንቺ አይሠራም። ከዚያ የኤች.አይ.ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የቂጥኝ ምርመራ። ከዚያ ከ8 እስከ 14 ቀን ያህል በየቀኑ ሆድሽ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋ የሆርሞን መርፌ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድና ደም። እንቁላሎቹ ሲደርሱ ማብሰያ የምንላት አንድ የመጨረሻ መርፌ ትሰጫለሽ፤ ከሷ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በሚያስተኛ መድኃኒት ተኝተሽ፣ በብልት በኩል በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳል። መቅዳቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሆድሽ ተነፍቶ፣ ቁርጠት ኖሮሽ፣ ጥቂት ደም አይተሽ በማግሥቱ ትነሻለሽ፤ አብዛኛዋ ሴት ላይ በቃ ይኸው ነው። ቁጭ ብለሽ የምታስቢበት ግን የሥራሽን ነገር ነው። በነዚህ ቀናት ፈረቃ ገብተሽ ቆመሽ መዋል፣ ካርቶን ማንሳት አይሆንም። የዓመት ፈቃድሽን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ደሞዝ የሚቆረጥብሽ ከሆነ ወጪው የነሱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ይነገር፣ በኋላ እህት ለእህት መጠየቅ ያስነውራል።

በዚህ ጊዜ ውስጥና እንቁላሉ ከተቀዳ በኋላ እስከሚቀጥለው የወር አበባሽ ድረስ ከእጮኛሽ ጋር ግንኙነት አይኖርም። ሳይቀዳ የቀረ እንቁላል ስለሚኖር መንታ ብቻ አይደለም፣ ሦስትና አራት ማርገዝ ይመጣል።

የምፈራልሽ ዋናው ነገር ኦቫሪ ለመርፌው ከልክ በላይ ሲመልስ ነው። ያብጣል፣ ፈሳሽ ከደም ሥር እየወጣ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደሙ ይወፍራል፣ ሲብስ የደም መርጋት ያመጣል። በድሮው አሠራር ከ100 ከ1 እስከ 5 ሴቶች ላይ መካከለኛ ወይም ከባድ ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን ግን አንታጎኒስት የሚባለውን አሠራር የሚጠቀም፣ ማብሰያዋንም ኤች.ሲ.ጂ የሚባለውን ሆርሞን ሳይሆን አጎኒስት የሚባለውን መድኃኒት የሚያደርግ ሐኪም ይህን አደጋ በጣም ይቀንሰዋል። ይህን ሁለት ቃል ጽፈሽ ያዢና ጠይቂው፤ ለሚሰጥ ሰው ኤች.ሲ.ጂ ለምን እንደመረጠ ማስረዳት ካልቻለ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ቀጫጫና ወጣት ከሆንሽ፣ ወይም ኦቫሪሽ ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢት የታየ ከሆነ አደጋው ላንቺ ይጨምራል፤ የመርፌው መጠንም ዝቅ ይበል።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከማብሰያዋ መርፌ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ልክ አንቺ አገርሽ የምትመለሺበት ጊዜ ነው! ሆድሽ በየሰዓቱ እየተወጠረ ከሄደ፣ ካስመለሰሽ፣ ሽንትሽ ካነሰና ከጠቆረ፣ በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ከጨመርሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አንድ እግርሽ ካበጠ፣ ጊዜ አትስጪው። ኮምቦልቻ ቤትሽ ተኝተሽ ዳማከሴ አይጠጣም፤ በሃረጎ በኩል ወጥተሽ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ግቢ። ስትገቢ ደግሞ እውነቱን ተናገሪ። የእንቁላል ማነቃቂያ መርፌ እንደወሰድሽ የማያውቅ ተረኛ ሐኪም ያበጠ ሆድ ሲያይ የሚያስበው ትርፍ አንጀት ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ነው፤ ያለ ነገር ልትቀደጂ ትችያለሽ። የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠን፣ ቀንና የተቀዱት እንቁላሎች ብዛት የተጻፈበት ወረቀት ከክሊኒኩ ሳትቀበይ አትውጪ። ምስጢር ነው ብለሽ ወረቀቱን አትቅደጂ።

ካንሰር? እስካሁን ባሉት ጥናቶች እነዚህ መርፌዎች የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰርን እንደሚጨምሩ ግልጽ ማስረጃ የለም። ግን ሐቁን ሙሉውን ልንገርሽ፤ ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት ራሳቸው ልጅ ፈልገው በታከሙ ሴቶች ላይ ነው። ለሌላ ሰው የሰጡትን ሴቶች ለብዙ ዓመት ተከታትሎ የተሠራው ሥራ ትንሽ ነው። «ምንም የለውም» ብሎ የሚያሳምንሽ ካለ ሻጭ ነው፣ «ካንሰር ነው» የሚልሽም ያልተረጋገጠ ነገር ነው የሚነግርሽ። ቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ካለ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ።

ህንድ የሚለውን በተመለከተ፣ ባለቤቷ ትኬት ሳይቆርጥ ይህን ያንብብ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ የምትሰጥ ሴት ዕድሜዋ ከ23 እስከ 35 መሆን አለበት፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ትሰጣለች፣ ከሰባት በላይ እንቁላልም አይወሰድባትም። ለጋሽን መመርመርና እንቁላሉን መሰብሰብ ደግሞ የተመዘገበ ባንክ ሥራ ነው። ስለዚህ «እህቴን ይዤ መጥቻለሁ» ማለት ብቻውን በር አያስከፍትም። እህት ለእህት መስጠት እንደሚፈቀድላቸው ክሊኒኩ በጽሑፍ ይላክላችሁ፤ በስልክ «ችግር የለም» ያለውን ደላላ አትመኑ። ቱርክ ደግሞ የሌላ ሴት እንቁላል መጠቀምን ጨርሶ ከልክላለች፤ ብዙ ሰው ቀረብ ይላል ብሎ ስለሚጠይቀኝ ነው የምጠቅሰው። እዚሁ አገር ውስጥ ይሠራላችኋል የሚል ካለም በምን ሕግና በምን ፈቃድ እንደሚሠራ በወረቀት ያሳይ። እህት የሌላቸው ሴቶችም ይህን ስለሚያነቡ አንድ ቃል፦ ወደ ውጭ ወስዶ እንቁላልሽን በገንዘብ አሸጥልሻለሁ ከሚል ደላላ ሽሹ። በማታውቂው አገር በማታውቂው ቋንቋ ፈርመሽ ሆድሽ ያበጠ ቀን እሱ ስልክ አያነሳም።

ልጁ የማን ነው? በሕግ የወለደችው እናት ናት። የፌዴራሉ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ እንደሆነ ነው የሚለው፤ በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ደግሞ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ደሴ ላይ የሚሠራ ጠበቃ አንድ ጊዜ አማክሩ። በዘር ግን ልጁ ከእህትሽ ይልቅ ላንቺ ይቀርባል። አንቺ አክስት ነሽ። ልጁ ሲያጠፋ ስትገሥጪው «ያንተ እናት እኮ እኔ ነኝ» ብለሽ የምታስቢ ዓይነት ሰው ከሆንሽ፣ ይህን ዛሬ እወቂው። አንቺ ወደፊት ልጅ ብታጪና እሷ ያንቺን እንቁላል አሳድጋ ብታቅፍ ምን ይሰማሽ ይሆን? እኔ አልመልስልሽም፤ ግን ሳታስቢው አትፈርሚ።

የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆንሽ አልጻፍሽም፣ ወሎ ነንና ለመገመትም አልሞክርም። ሙስሊም ከሆናችሁ፣ አል-አዝሃር እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጠው ፈትዋ ከባልና ሚስቱ የተወሰደ ዘር በላብራቶሪ ማገናኘትን ፈቅዶ የሦስተኛ ወገን እንቁላል ወይም ዘር መግባትን ከልክሏል፤ አብዛኛው የሱኒ ዑለማም የሚይዘው ይህንኑ ነው። ካቶሊክ ቤተክርስቲያንም አትፈቅድም። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የነፍስ አባታችሁን አሁን ጠይቁ። የሃይማኖት አባት ጋ መሄድ ያለባችሁ ከመርፌው በፊት ነው። ካረገዘች በኋላ «ሐራም ነው ተባልኩ» ብላ የምታለቅስ ሴትን ማጽናናት ከሐኪም አቅም በላይ ነው።

ምስጢሩ ደግሞ አይያዝም። አሁን ውጭ ያለው ዘመዳችን ምራቁን በፖስታ ልኮ የዘር ምርመራ ያሠራል፤ ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው አያስብም ማለት አይቻልም። እንግሊዝ አገር ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሰጠ እንቁላል የተወለደ ልጅ 18 ሲሞላው የሰጠችውን ሴት ማንነት የማወቅ መብት አለው። እኛ ቤት ሌላም ምክንያት አለ። ያንቺ ልጆችና ያ ልጅ በስም የእህትማማች ልጆች ይሆናሉ፣ በደም ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ቤተሰብ እንኳ ያን ያህል አያሰጋም፤ የአክስት ልጅ ማግባት በሚፈቀድበት ቤተሰብ ግን ይህ ምስጢር አደጋ ነው። ስለዚህ ለልጁ በልጅነቱ፣ በቀላል ቃል ይነገረው። እህትሽና ባሏ በዚህ ካልተስማሙ እኔ በበኩሌ አንቺን አልመክርም።

ለእጮኛሽ ንገሪው። ፈቃዱን ለመጠየቅ አይደለም፤ ሰውነቱ ያንቺ ነው፣ ፊርማውም ያንቺ ብቻ ነው። ግን ለሳምንታት መርፌ ስትወጊ፣ ሆድሽ ሲነፋ፣ ከሱ ስትርቂ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ደግሞ የእህትሽ በሽታ ያንቺም ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ መቼ እንወልድ የሚለው የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ እንባቸው የሕክምና ምክንያት አይደለም። አልፈልግም ብትይ ከእህትነት አትወጪም። ፊት ለፊት ማለት ካቃተሽ ደግሞ መንገድ አለ። ሐኪሙን ለብቻሽ አግኝተሽ «አልፈልግም» በይው፤ ማንም ደህና ሐኪም «ለመስጠት አትሆንም» ብሎ ይሸፍንልሻል፣ ምክንያቱን ለማንም የመናገር ግዴታ የለበትም። መርፌ ከጀመርሽ በኋላም ማቆም ትችያለሽ። ከተቀዳና ከባሏ ዘር ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን መመለሱ ይከብዳል፤ ልክሽ እስከዚያ ነው።

የኔ ምክር ይኸው ነው፤ አሁን እሺ አትበዪ፣ እምቢም አትበዪ። እህትሽና ባሏ በሙሉ ይመርመሩ፣ የሷ ምክንያት ይፈለግ፣ ያንቺ ኦቫሪ ይታይ። የሷ የተረጋገጠ፣ የባሏና የማህፀኗ ነገር የሚያስኬድ፣ ያንቺ ውጤት ለዕድሜሽ ጥሩ፣ ጂኑ የሌለባችሁ ከሆነ፣ አንቺም ፍርሃትሽ ወርዶ ፈቃድሽ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ስጪ፤ ሁለተኛ ሙከራ ቢጠይቁሽ ግን ራስሽ እስክትወልጂ አይሁን። ከዚህ አንዱ ከጎደለ አትስጪ። እህትሽም ወጣት እንቁላል ብታገኝ እንኳ በአንድ ጊዜ አንድ ሽል ብቻ ይቀመጥላት፤ በሌላ ሴት እንቁላል የሚያረግዙ ሴቶች ላይ የእርግዝና ደም ግፊት ይበዛል፣ መንታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የምርመራ ውጤትሽን ራስሽ ተቀበይ። በእህትሽ ስልክ እንዳይላክ፣ በእናትሽ በኩል እንዳይመጣ። የሚቀጥለው የሦስት ወር መርፌ ቀጠሮሽ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ለመመርመር የምትፈልጊ መሆኑን ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ንገሪያትና እስከዚያ በምን እንደምትከላከዪ ተነጋገሩ፤ መርፌውን ዝም ብለሽ አቋርጠሽ እንዳታረግዢ።